ብርሃን ገላጩ ምርኮኛ፦ የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እነሆ ሱባዔው ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ደወሉ ሲደወል ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ልጆቻችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገሰግሳላችሁ። ታስቀድሳላችሁ፣ ታስቆርባላችሁ፣ ጠበል ጠጥታችሁ ወደየቤታችሁ ትመለሳላችሁ። መልካም ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ቅዳሴ የሚቀደስበት ክህነት ወደዚህች አገር በማን እጅ መጣ? ካህኑን ማን ሾመው፣ እርሱን የሾመውንስ ማን ሾመው እያልን ወደ ኋላ ብንቆጥር መጨረሻ ላይ የምናገኘው ማንን ነው?

የምናገኘው አንድ ምርኮኛ ልጅ ነው። ሱባዔው ከመግባቱ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ሐምሌ 26 ቀን፣ በዓሉ ነበር። በክረምቱ ዝናብና በኑሮ ሩጫ መካከል ብዙዎቻችን ሳናስበው አለፈን። እኔም ዲያቆን ሆኜ ስሙን ከመጥራት በቀር ታሪኩን በቅጡ ሳላውቅ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ስለዚህ በዚህ ጾም አብረን እንድናስበው ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁላችሁ። ዓመታቱ፣ ለብቻው ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጢሮስ የተነሡ ልጆች

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛ አገር ርቆ በጢሮስ ነው። ጢሮስ በቅዱስ መጽሐፍ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣ፣ በባሕር ዳር የተቆረቆረች የነጋዴዎች ከተማ ናት። ዛሬም በሊባኖስ አገር ትገኛለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በዚህች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ይኖር ነበር። ከእርሱ በፊት ሌላ ፈላስፋ ሩቅ አገር ሄዶ ብዙ አይቶ መመለሱን ሰምቶ እርሱም ለማየት ጓጓ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ሕንድ ይሉት ወደነበረው አገርም በመርከብ ሄደ። እዚህ ላይ ግር አይበላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ሕንድ የሚለው ስም ዛሬ ለምናውቃት ሕንድ ብቻ ሳይሆን በቀይ ባሕር በኩል ለሚደረስባቸው ሩቅ አገሮች፣ ለእኛም አገር ጭምር ይነገር ነበር።

ሜሮጵዮስ ብቻውን አልሄደም። ዘመዶቹ የሆኑና እርሱ ራሱ የሚያስተምራቸው ሁለት ልጆች አብረውት ነበሩ። አንዱ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። የክርስቲያን ልጆች ናቸው። ጉዞው ለእነርሱ ትምህርት ነበረ።

ሲመለሱ ውኃና ስንቅ አለቀባቸውና መርከባቸው በቀይ ባሕር ጠረፍ ካለ አንድ ወደብ ቆመች። ያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ስምምነት ፈርሶ ነበር። ስምምነቱ ሲፈርስ ደግሞ በእጃቸው የገባውን የሮም ሰው የመግደል ልማድ ነበራቸው። በመርከቢቱ ላይ ዘመቱባት። ሜሮጵዮስንም፣ መርከበኞቹንም፣ ተሳፋሪዎቹንም ገደሉ።

ወገኖቼ፣ ታሪካችንን ስንተርክ ይህን ክፍል ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቀናናል። እኔ ግን እንድንቆምበት እፈልጋለሁ። ክርስትና ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባበት በር ይህ ነው። ውኃ ሊቀዳ የወረደ እንግዳ የተገደለበት በር ነው። ያን ደም ያፈሰሱት የእኛው የጠረፍ ሰዎች ናቸው።

ከዛፍ ሥር

ሁለቱ ልጆችስ? እነርሱ በዚያች ሰዓት መርከቧ ላይ አልነበሩም። ወርደው ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን እያጠኑ ነበር። ገዳዮቹ መጽሐፋቸውን ይዘው ባገኟቸው ጊዜ እጃቸው አልጨከነም። አዘኑላቸውና ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ መነካቱ አይቀርም። እኛም ዳዊታችንን የደገምነው፣ ቀለማችንን የቀጸልነው ከዛፍ ሥር ነው። እነዚያ ልጆች ግን ከትምህርታቸው ቀና ሲሉ ያዩት የመምህራቸውን ፊት አልነበረም። መምህራቸው በዚያው ሰዓት ሞቷል። ዘመድ የለ፣ ቋንቋ የለ፣ አገር የለ። ያደረሱት ጥፋት ሳይኖር በአንድ ቀን ምርኮኛ ሆኑ።

በንጉሡ ቤት

ልጆቹ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ንጉሡ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አልዓሜዳ ይባላል። ሁለቱን ተመልክቶ እንደየጠባያቸው ሥራ ሰጣቸው። ኤዴስዮስ የዋህና ቅን ስለነበረ ጠጅ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይና ብልህ ሆኖ አገኘውና ሲበረታ የግምጃ ቤቱ ኃላፊና ጸሐፊው አድርጎ ሾመው። በኋላ ዘመን በጅሮንድና ጸሐፌ ትእዛዝ ብለን ለሁለት ሰው የምንሰጠውን ሥራ ይህ ስደተኛ ልጅ ብቻውን ተሸከመ ማለት ነው።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሌላ ዲፕሎማዬ በሒሳብ አያያዝ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሣንቲም ብትጎድል የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ ካዝናው ቢሞላ የሚመሰገነው ሌላ ነው። እንግዲህ አስቡት። ወገኖቹን የገደለበት አገር ቁልፉን ሰጠው። ቂም የያዘ ሰው ሊበቀል ቢፈልግ ከግምጃ ቤትና ከንጉሥ ብዕር የተሻለ ምን መሣሪያ ያገኛል? ፍሬምናጦስ ግን ያን ቁልፍ በታማኝነት ያዘ። ንጉሡ እስኪሞት ድረስ አመነው፣ አከበረውም።

ነጻ ከወጣ በኋላ

ንጉሡ ሲሞት ሁለት ነገር ትቶ ሞተ። ሚስቱን ከሕፃን አልጋ ወራሽ ጋር ተወ። ለሁለቱ ወጣቶች ደግሞ ነጻነታቸውን ሰጣቸው፤ ወደፈለጉበት መሄድ ይችሉ ነበር።

በዚያ ዕድሜ፣ ያን ያህል ዓመት በባዕድ አገር የቆየ ሰው ቢሆንላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በዚያው ቀን ስንቃችሁን አትቋጥሩም? ንግሥቲቱ ግን ከእነርሱ የምታምነው ሰው እንደሌላት ነግራ፣ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲያግዟት በእንባ ለመነቻቸው። ይልቁንም በፍሬምናጦስ ማስተዋል ላይ ተስፋዋን ጣለች። እነርሱም ቀሩ።

አሁን ፍሬምናጦስ የአገር አስተዳዳሪ ሆነ። ወገኖቼ፣ የዚህ ሰው ልብ የታየው እዚህ ላይ ነው። ሥልጣኑ በእጁ ነው፤ ሠራዊትም አለ። ሕዝቡ ሁሉ በግድ እንዲጠመቅ ማዘዝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ያን አላደረገም። ለንግድ ወደ አክሱም የሚመጡትን የሮም ነጋዴዎች እያፈላለገ ከመካከላቸው ክርስቲያኖች የሆኑትን ለየ። በአንድነት ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቦታ እንዲሠሩ አደፋፈራቸው፤ ለቤተ ጸሎቱ መሬትና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ሰጣቸው። ከአገሩ ሰዎችም ወደ እምነቱ የሚቀርቡትን እንዲሁ ረዳቸው። በአክሱም ምድር የክርስትና ዘር በዚህ ዓይነት በዝግታ ተዘራ። አዋጅ አልተነገረም፣ ሰይፍም አልተመዘዘም። አንድ ሰው ለሚጸልዩ ሰዎች ቦታ ሰጠ፤ በቃ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል ክርስትና በእኛ አገር የተጀመረው በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አይደለም ወይ የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ጃንደረባ ከፊልጶስ እጅ ተጠምቆ መመለሱን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ነገር ግን ጥምቀቱን የሚያጠምቅ፣ ቁርባኑን የሚያቆርብ፣ ካህናትን የሚሾም ኤጲስ ቆጶስ ገና አልነበረም። እምነቱ ነበረ፣ ክህነቱ ጎደለ። ይህን ጉድለት ፍሬምናጦስ በዓይኑ አየው።

ልዑሉ አድጎ መንግሥቱን ለመያዝ ሲበቃ ሁለቱ ወንድማማቾች የተሰጣቸውን አደራ በሙሉ አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ አጥብቀው ለመኗቸው፤ አልሆነም። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ። በዚያም ቅስና ተሾመ። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይህን ታሪክ የጻፈው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ እስክንድርያ አቀና።

በእስክንድርያ

በእስክንድርያ መንበር ላይ የነበሩት ቅዱስ አትናቴዎስ ናቸው። እኒህ አባት በ325 ዓ.ም. 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ሲሰበሰቡ ገና ዲያቆን ነበሩ። አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ያመጣውን ክህደት በመቃወም የታወቁት በዚያ ነው። በ328 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። ፍሬምናጦስም የደረሰው ከተሾሙ ብዙም ሳይቆይ እንደሆነ ይተረካል።

ፍሬምናጦስ የመጣው ሹመት ሊጠይቅ አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። በሩቅ አገር ያሉ ክርስቲያኖች ቁጥራቸው እየበዛ፣ አብያተ ጸሎታቸውም እየታነጹ መሆኑን ገልጾ፣ እረኛ የሚሆናቸው ብቁ ሰው ፈልገው ኤጲስ ቆጶስ አድርገው እንዲልኩላቸው ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስበው ነገሩን መረመሩ። ከዚያም ለዚያ አገር ከዚህ ሰው የተሻለ እንደማያገኙ አስታወቁ፤ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾመው መጣበት አገር መልሰው ላኩት።

አስተውሉ! ሌላ ሰው እንዲላክ ሊለምን ሄዶ የተላከው እርሱ ሆነ። መጀመሪያ ተጎትቶ በምርኮ የገባባትን አገር አሁን በፈቃዱ፣ ለዘለዓለም፣ ተመለሰባት።

እስካሁን የተረክሁላችሁ የልጅ ታሪክ ነበርና አንተ እያልሁ ነው። ከዚህ በኋላ ግን አባታችን ናቸውና አንቱ እላለሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሁለት ስም አወጣንላቸው። ሰላምን ይዘው መጥተዋልና አባ ሰላማ አልናቸው። በክህነት በጥምቀትና በትምህርት ብርሃንን ገልጠውልናልና ከሣቴ ብርሃን አልናቸው። የትውልድ ስማቸውን የምናውቅ ጥቂቶች ነን፤ ያወጣንላቸውን ስም ግን አያቶቻችን ሁሉ ያውቁታል።

አገሪቱ ምን ሆነች?

በትውፊታችን አብርሃና አጽብሃ የሚባሉት ወንድማማች ነገሥታት በአባ ሰላማ እጅ ተጠመቁ። በድንጋይ ጽሑፍና በገንዘብ ላይ የምናገኘው የንጉሡ ስም ዒዛና ነው። በእምነት የተደረገው ለውጥ ዛሬም በዓይን ሊታይ፣ በእጅ ሊዳሰስ ይችላል።

የአክሱም ነገሥታት ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ዒዛና በመጀመሪያ ያሠራው ገንዘብ ላይ እንደ አባቶቹ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት አለ። በኋላ ባሠራው ላይ ግን ያ ምልክት ጠፍቶ መስቀል ገብቷል። በገንዘባቸው ላይ መስቀል በማኖር ከዓለም ነገሥታት ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የእኛ ንጉሥ ነው። ገንዘብ ደግሞ ከገበያ ገበያ፣ ከወደብ ወደብ የሚዞር ነገር ነው። ንጉሡ እምነቱን በየነጋዴው መዳፍ ላይ አኖረው ማለት ነው።

በድንጋይ ላይ ያስጻፈውም እንዲሁ ነው። በቀደመው ጽሑፍ ራሱን የማሕረም ልጅ ብሎ በጣዖት ስም ይጠራል። በኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ ድሉን የሚሰጠው ለሰማይ አምላክ ነው፤ በግሪክኛ ባስጻፈው ላይ ደግሞ አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። እርግጥ ነው፣ ያው የግእዝ ድንጋይ የሚተርከው ስለ ጦርነት ነው። ንጉሥ በአንድ ቀን መነኩሴ አይሆንም። ቢሆንም በዚያው ጽሑፍ ሕዝቡን በጽድቅና በፍርድ እንደሚገዛ፣ እንደማይበድል ቃል ይገባል። ኃይለኛ ሰው ከእርሱ በላይ የሚጠይቀው ጌታ እንዳለ ያመነው ያን ጊዜ ነው።

ፊደላችንስ? ከዚያ በፊት በአገራችን ይጻፍ የነበረው ፊደል ግእዙን ብቻ የያዘ ነበር፤ ካዕብ የለ፣ ሣልስ የለ፣ ራብዕ የለ። አንባቢው ድምፁን ራሱ ገምቶ ይሞላ ነበር። በዒዛና ዘመን ግን ፊደሉ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሆኖ ይታያል። 26ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 182 ሆኑ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ይህን ሥራ ለአባ ሰላማ ይሰጣሉ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ መጽሐፍ በግምት አይነበብም። ሕፃኑም ሽማግሌውም አንድ ዓይነት አድርጎ እንዲያነበው ድምፁ በፊደሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ልጃችሁ ዛሬ ሀ ሁ ሂ ብሎ ሲጀምር የዚያን ዘመን ሥራ እየደገመ ነው።

ፊደሉ ሲዘጋጅ መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ መመለስ ተጀመረ፤ ተከታዮቹ አባቶችም ሥራውን ቀጠሉበት። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ሁለት የወንጌል ብራናዎች በዘመናዊ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። በዓለም ላይ ካሉት በሥዕል ካጌጡ ጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍት የሚመደቡ ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌም በሌላው ዓለም ቁርጥራጫቸው ሲቀር ሙሉ ሆነው የተጠበቁት በግእዝ ብቻ ነው። በ2019 ደግሞ በይሐ አካባቢ ቤተ ሳማዕቲ ከተባለ ቦታ በቁፋሮ የተገኘ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ለዓለም ተገልጿል። በአባ ሰላማ ዘመን የታነጸውን መሠረት ድንጋዩ ራሱ መሰከረ።

የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ

ይህ ሁሉ ግን ያለ ፈተና አልሆነም። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ከሞተ በኋላ ልጁ ቆስጠንጢዮስ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ። በ356 ዓ.ም. ቅዱስ አትናቴዎስን በወታደር ከእስክንድርያ አሳደደ። እርሳቸውም በበረሃ ከመነኮሳት ጋር ተሸሸጉ። በመንበራቸው ላይ ጊዮርጊስ የሚባል አርዮሳዊ ተቀመጠ።

ቆስጠንጢዮስ በዚህ አላበቃም። ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ በተሰደደው አትናቴዎስ የተሾመ ስለሆነ እምነቱ በአዲሱ ጳጳስ እንዲመረመር በአስቸኳይ ወደ ግብፅ እንዲልኩት ጠየቀ። የደብዳቤው ቃል ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።

እስቲ በአክሱም ሁኑና አስቡት። የሮም ንጉሠ ነገሥት በምድር ላይ ከእርሱ የሚበልጥ የለም የሚባልለት ነው። የአክሱም ንግድ ያለ ሮም መርከብ አይሆንም። በአንድ በኩል የዓለም ኃያል ወዳጅነት፣ በሌላ በኩል አንድ ሽማግሌ ጳጳስ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ወደ አርዮስ አልሄደችም። በኒቅያ የተነገረውን ጸሎተ ሃይማኖት ዛሬም በየቅዳሴው እንላለን፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት መካከልም የ318ቱ ሊቃውንትና የቅዱስ አትናቴዎስ ቅዳሴ ይገኛሉ። ከእስክንድርያ መንበር ጋር የተጀመረው የልጅነት ግንኙነትም 1600 ዓመት ያህል ኖረ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስከሆኑ ድረስ።

እንግዳ የሚሞትበት ጠረፍ

መጀመሪያ ላይ ቁሙበት ያልኋችሁን ቦታ አስታወሳችሁ? ያ ጠረፍ እንግዳ የሚገደልበት ነበር። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተስዓቱ ቅዱሳን ከሮም ግዛት ተሰደው ሲመጡ ግን ያች አገር በክብር ተቀበለቻቸው። እነርሱም ገዳማትን መሥርተው ወንጌልን አስፋፉ። በ615 ዓ.ም. ደግሞ በመካ ስደት የጸናባቸው የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ባሕሩን ተሻግረው ሲመጡ ክርስቲያኑ ንጉሥ አሳልፎ አልሰጣቸውም። እምነታቸው የእርሱ እንዳልሆነ እያወቀ አስጠጋቸው። ይህን እስላሞች ወገኖቻችን በታሪካቸው አክብረው ያነሡታል።

ክርስትና ለአገራችን ምን አደረገላት ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር ሐውልቱንና ብራናውን ብቻ አታሳዩት። ይህንም ንገሩት። እንግዳ የሚገደልበት ዳርቻ እንግዳ የሚጠለልበት ሆነ። የዚህ መጀመሪያው ደግሞ አንድ ልጅ ወገኖቹን ለገደለበት አገር ክፉን በክፉ አለመመለሱ ነው።

ለእኛስ?

አሁን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሳለሁ ከካዝና ገንዘብ ጎደለ ተባልሁ። በሰው ፊት ተዋረድሁ። በኋላ ሒሳቡ ሲመረመር ስህተቱ የጽሑፍ እንጂ የእኔ አለመሆኑ ታወቀ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። ሥራውን ለቅቄ ወጣሁ፤ ቂሙን ግን ይዤው ወጣሁ። በዚያው ዓመት በፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ እርስ በርሱ በሰላም እንዲሳለም የማዘዙ ተራ የእኔ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አዘዝሁ። እናንተ እጅ ነሣችሁ፣ ሰላም ተባባላችሁ። እኔ ግን ያን ሰው በልቤ ይዤ ቆሜአለሁ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

የአባ ሰላማን ታሪክ ከልቤ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የተወሰደብኝ ስም ነበር፣ እርሱም ተመለሰልኝ። ከእርሳቸው የተወሰደው መምህር፣ ወገን፣ አገርና ልጅነት ነው። እርሳቸው ግን ለዚያው ሕዝብ ጥምቀት ይዘውለት ተመለሱ። ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸውና ሄጄ ያን ሰው ሰላም አልሁት። ቂሙ በአንድ ቀን አልወጣም፤ አልዋሻችሁም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ግን ወጣ። ዛሬ ሳዝዝ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

እናንተስ በዚህ ሱባዔ ማንን ይዛችሁ ትቆማላችሁ? ጎረቤት ነው? በርስት የተካሰሳችሁት ወንድም ነው? ወይስ በሌላ ቋንቋ ስለሚናገር ብቻ ልባችሁ የራቀው ሰው? ጥሬ ቆርጥመን፣ ከእህል ከውኃ ተከልክለን ቂምን ብንበላ ምን ጾምን እንላለን?

አንድ ነገር ልጨምር። ጢሮስ በሊባኖስ ናት ብያችሁ ነበር። ዛሬ በዚያች አገርና በዓረብ አገሮች ስንት እህቶቻችን በሰው ቤት እየደከሙ ነው። አንድ የጢሮስ ልጅ በእኛ ቤት አገልጋይ ሆኖ ገባ፤ የእኛ ልጆች ዛሬ በጢሮስ በር አገልጋይ ሆነው ይገባሉ። እህቴ ሆይ፣ ይህችን ጽሑፍ በዚያ ሆነሽ የምታነብቢያት ከሆነ፣ በሰው ቤት ያለ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ የተረሳ እንዳልሆነ አባ ሰላማ ምስክር ናቸው። የበደለሽን ዝም ብለሽ ተሸከሚ ማለቴ አይደለም፤ መብትሽን ጠይቂ፣ ከወገን ጋር ተመካከሪ። ልብሽን ግን ለመራራነት አትስጪው። ቤተ ሰቦቿ የሆናችሁ ደግሞ የምትልከውን ገንዘብ ብቻ አትጠብቁ፤ በየቅዳሴው ስሟን ጥሩ። በቤታችሁ የምትሠራ የሰው ልጅ ካለችም ከዛፉ ሥር የተገኙትን ልጆች አስቧት። እግዚአብሔር በእርሷ ምን እንዳሰበ አታውቁም።

ለከርሞ ሐምሌ 26 ሲደርስ በዝናቡ መካከል አስታውሱት። ጧፍ ይዛችሁ ውጡ፤ ካልሆነላችሁም በቤታችሁ ስሙን ጥሩ። ያስታረቃችሁትን ሰው ይዛችሁ ብትወጡ ደግሞ ከጧፉ ይበልጣል።

የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በረከታቸው ይደርብን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነቷ አይለየን። ለአገራችን ሰላምን፣ ለስደተኞቻችን መመለስን፣ ለሁላችንም ንጹሕ ልብን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።